መንታው ሪሞት

ሰውየው ከባትሪው መደርደሪያ ፊት ቆሟል። ክብሪት ከኋላው ደረሰች።

የሕንፃ መሣሪያ መደብሩ በሰው ተሞልቷል። አንዱ ሚስማር ይመርጣል፣ አንዷ ስለ ቀለም ከሻጩ ጋር ትጨቃጨቃለች። የሥራ ቱታ የለበሰች፣ የመሣሪያ ቦርሳ ያነገተች ሴት ማንም ዞር ብሎ አላየም።

«ይሄ ባትሪ ይቆያል?» አለ ሰውየው ፊቱን ሳያዞር።

«እንደ ያዡ ነው።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠ። እሷም የራሷን አጠገቡ አኖረች። ሲያነሱ ተለዋወጡ።

በደረሳት ቅርጫት ውስጥ፣ ከአምፖሎች ሥር፣ አንድ ሪሞትና አንዲት ትንሽ ጥቁር ሳጥን ነበሩ።

ሁለቱም በሚሠሩበት የስለላ ድርጅት ውስጥ ሰውየው «አጎቴ» ይባላል። የሥጋ ዘመዷ አይደለም። እናቷ በተቀበረች ቀን መቃብሩ ዳር መጥቶ መጀመሪያ ከረሜላ፣ ቀጥሎ ሥራ የሰጣት ሰው ነው። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቅ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ቀርቷል። ለድርጅቱ ክብሪት ናት። ለደንበኞቿ ምድጃ ሠሪዋ።

«ሽማግሌው ነገ ድርጅቱን የሚመረምሩት አጣሪዎች ፊት ይቀርባል» አለ፣ ባትሪ እያገላበጠ። «የሰዎቻችንን ስም ሊሸጥ ነው። ዛሬ ከማን ጋር እንደሚያወራ መስማት አለብን። ማዳመጫው ሳጥኗ ውስጥ ነው። የሳሎኑን ምድጃ ሪሞትና ትእዛዙን የምትቀበለውን አሮጌ ሳጥን አውጪና በዚህ ተኪ።»

«ከዚያስ?»

«ሳትለኩሺ ውጪ። እኔ ቢሮ ሆኜ አዳምጣለሁ።»

እንደ ልማዱ ከረሜላ መዳፏ ውስጥ አኖረላት።

«አይዞሽ፣ የኔ ልጅ።»

ክብሪት ምንም አልተሰማትም። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ምንም አይሰማትም። አደጋ ሲመጣ ልቧ አይመታም፣ ሲሳካላትም ደስ አይላትም። ሐኪም ብትጠይቅ ስም ያወጣለት ነበር። እሷ ግን «እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ምን ጎደለኝ?» ብላ ትታዋለች።

በሽማግሌው ቤት በር ላይ ዘበኛው ቦርሳዋን ዘረገፈው። አጣሪዎቹ ምስክራቸውን እንዲጠብቅ የላኩት፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።

«ይሄስ?»

«የምድጃው ሪሞት።»

«እሳት በሪሞት!» ራሱን ነቀነቀ። «ነገ ደግሞ ሚስት በሪሞት ይሉናል።»

አሳለፋት።

ሽማግሌው ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። በጉብዝናው ዘመን ለድርጅቱ ሬዲዮ የሠራ መሐንዲስ ነበር። ሚስቱ ግን የእንግዳዋን ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰቻትም።

«እንኳን መጣሽልኝ ልጄ! ይሄ ሰውዬ ሳያቃጥለኝ አይተኛም። ሪሞቱን አልጋ ውስጥ ይዞት ይገባል። ሲገላበጥ ይጫነዋል፣ እሳቱ እዚህ ሳሎን ብቻውን ቦግ ይላል!»

«አንድ ጊዜ ነው የሆነው» አለ ሽማግሌው።

«መቃጠልም እኮ አንድ ጊዜ ነው!»

ምድጃው ግድግዳ ውስጥ የገባ፣ ባለ መስታወት፣ ቤት የሚያሞቅ የጋዝ ምድጃ ነው። ክብሪት ፊቱ ተንበረከከች። ይህን ሙያ የተማረችው ለሽፋን ነበር። ጅብን ሲወጉ በአህያ ተጠግቶ ነው ይባላል። እሷ ግን ውላ አድራ አህያዋን ወደደቻት። ቀኑን ሙሉ እውነት የምትናገረው ስለ ምድጃ ስታስረዳ ብቻ ነው።

«ሪሞቱ ከአሁን በኋላ ይሄ መስቀያ ላይ ይዋል፣ ይደር» አለች። «ይህቺ መቆለፊያው ናት። ወደ መኝታ ሲሄዱ እሳቱን ያጠፉና ይቆልፉታል። መስታወቱ ከጠፋም በኋላ ቶሎ አይበርድም፣ እጅ እንዳያስጠጉ። ሰው ከተኛ ወይም ቤቱ ባዶ ከሆነ አይለኮስም። መጋረጃውንም ከዚህ ያርቁት።»

«ጋዝ ቢሸተኝስ?»

«ሪሞቱን አይነኩም። መብራት አያበሩም፣ የበራውንም አያጠፉም። ስልክም ቢሆን ውጭ ወጥተው ነው የሚደውሉት።»

«ሰማህ?» አለችው ሚስቱ።

«ደንቆሮ አደረግሽኝ እንዴ?»

ክብሪት ሥራዋን ጀመረች። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን የጋዝ ቁልፍ በእጇ ጠምዝዛ ዘጋች። አሮጌዋን ሳጥን ነቀለች። ከዚያ አዲሷን ከፈተቻት። ክፈቺ ያላት የለም፤ ግን ምድጃ ሠሪ ውስጡን ያላየውን ሳጥን አይገጥምም።

ማዳመጫ የለም።

ምድጃ ጠባቂ አለው። ነበልባሉ ከጠፋ ጋዙን ወዲያው ይዘጋል። የዚህች ሳጥን ሽቦዎች የተገናኙት ያን ጠባቂ ለማታለል ነበር። እሳት ሳይኖር እሳት አለ ይሉታል። ጋዙ ሳይነድ ይፈስሳል፣ ቤቱ ይሞላል።

ከዚያ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች።

«ሳትለኩሺ ውጪ» ብሏታል። መደብሩ ውስጥ ስትሰማው አለማወቁ መስሏት ነበር። የትም ቢሆን ምድጃ ሠሪ በባለቤቱ ፊት ለኩሶ፣ አጥፍቶ፣ ደግሞ ለኩሶ ሳያሳይ ከቤት አይወጣም። እሷ ብትለኩሰው ግን ብልሽቱን ታየው ነበር።

ቀና ብላ በመስኮቱ አየች።

ግራጫዋ መኪና ከአጥሩ ሥር ቆማለች። ቢሮ ነኝ ያለው ሰው መሪውን ይዞ ተቀምጧል።

ሪሞት ሩቅ አይሠራም። የዚህኛው ሪሞት መንታ በአጎቴ እጅ መሆን አለበት። ጥፋቱም የሚለጠፍባት ምድጃ ሠሪ ተዘጋጅታለች።

«አባባ» አለች ሳትነሣ፣ «ነገ ስለ ማን ነው የሚመሰክሩት?»

ሽማግሌው ትክ ብሎ አያት።

«ምድጃ ሠሪ አይደለሽም?»

«ነኝ። ሌላም ነኝ።»

«ስሙን አላውቅም» አለ ሽማግሌው። «መልኩን ግን አልረሳውም። ልጆቻችንን አንድ በአንድ ለጠላት ያሳለፈ ሰው ነው። ሊልካቸው ሲል ከረሜላ ይሰጣቸዋል። የኔም ልጅ ያን ከረሜላ በልቶ ነው የወጣው።»

ሚስቱ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

ክብሪት እጇን ኪሷ ከተተች። ከረሜላው እዚያው ነው። ድንጋጤ ወይም ንዴት እስኪመጣባት ጠበቀች። አልመጣም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እሷን ከወሰዳት ቆይቷል።

ዘበኛውን ጠራችው። ሁሉንም ነገረችው፣ ማን እንደሆነች ጭምር።

«አንቺን በምን ልመንሽ?» አለ።

የሪሞቷን ባትሪዎች አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረች።

«ይሄ ከአሁን በኋላ አይሠራም። ጋዙም ተዘግቷል። ሳጥኗን እገጥማትና እወጣለሁ። ሳጥኗ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ከበራች፣ በመንታው ሪሞት የሚያበራት ያ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ብቻ ነው። ያኔ መጋረጃውን ዝጋ፣ ጠርተህ ውጭ የምትደብቃቸው ሰዎችህ በዚያ ምልክት ይያዙት።»

«ካልበራችስ?»

«ካልበራች እኔን ታስራለህ።»

ባልና ሚስቱ በጓሮ በር ወጡ። ሚስትየው ደፉ ላይ ቆም ብላ የክብሪትን ጉንጭ በእጇ ዳሰሰች።

ውጭ ያካፋል። ክብሪት ወደ ግራጫዋ መኪና ሄደች። መስታወቱ ወረደ።

«ለኮስሽው?»

«እንዳሉኝ። ሳልለኩስ ወጣሁ።»

«ጎሽ።»

«ቢሮ ነኝ ብለውኝ ነበር።»

«ሐሳቤን ለወጥኩ። ሽማግሌው ውስጥ ነው?»

«ሁለቱም ውስጥ ናቸው» አለች። መውጫ ልትሰጠው ነበር። ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም። «ሚስቱ ምንም የምታውቅ አይመስለኝም፣ አጎቴ። ትንሽ ብንጠብቅ?»

አጎቴ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ አድርጎ ነበር።

«ሂጂ የኔ ልጅ። ዞረሽም አትዪ።»

ሄደች።

ከመንገዱ ማዶ የአንድ ሱቅ ትልቅ መስታወት አለ። ዞራ ሳታይ ቤቱን እዚያ ውስጥ አየችው።

መጋረጃው ተዘጋ።

የሚሮጥ እግር። የመኪና በር። «እጅህን አሳይ!» የሚል ድምፅ።

ከዚያ አጎቴ ስሟን ጠራ።

ክብሪት ብሎ አይደለም። እናቷ ያወጣችላትን።

እግሯ ቆመ። ደግሞ ጠራት፣ ልክ በዚያ ቀን መቃብሩ ዳር እንደጠራት፣ ቀስ አድርጎ። አልዞረችም። ከዚያ የመኪና በር ተዘጋበትና ድምፁ ታፈነ።

ሽማግሌው በማግሥቱ መሰከረ። አጎቴ ከታሰረበት አልወጣም፤ በዚያው ሞተ አሉ። ድርጅቱም እሱ የሚያውቃቸውን ሁሉ አሰናበተ። የታወቀ ሰላይ ምን ይሠራል? ክብሪት የሚባል ሰው የለም ተባለ። እሷም አልተከራከረችም።

ሌላ ከተማ ገባች፣ ሌላ ቱታ ለበሰች። ያው ቦርሳ፣ ያው ሥራ። ብርዱ በገባ ሰሞን አንዲት ወጣት እናት አዲስ ምድጃ አስገጠመቻት።

«ስምሽን ማን ልበል፣ እህቴ?»

«ምድጃ ሠሪዋ በይኝ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ።»

ለኮሰች። አጠፋች። ደግሞ ለኮሰች። ሴትየዋ በደስታ አጨበጨበች። በዚህ መሃል ከጓዳ ዕቃ ወድቆ ተንኳኳ፤ ሴትየዋ ዞር ብላ ልጇን ጮክ ብላ በስሟ ተጣራች።

ያው ስም ነበር።

«አቤት» አለች ምድጃ ሠሪዋ።

ሴትየዋ ሳቀች። «አንቺን አይደለም! ልጄን ነው።»

ትንሿ ልጅ እየሮጠች መጣችና ወደ ሪሞቱ እጇን ዘረጋች። ምድጃ ሠሪዋ ከፍ አድርጋ ያዘችው። ጉንጯ ላይ የሆነ ነገር ወረደ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ፈጀባት። እንባ ነበር።

«ይሄን» አለች ሪሞቱን ለእናቲቱ እየሰጠች፣ «እሷ ከማትደርስበት ቦታ አስቀምጪው።»

ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።