አሥራ ስምንት ሠራተኛ፣ አንድ መርፌ

«አሥራ ስምንት ከስድስት ይበልጣል ወይስ አይበልጥም?»

የአባቷ ታላቅ ወንድም ናንጂባይ የጠየቀው ኡርቪን ነው፤ ዓይኑ ግን ባለሱቁ ላይ ነበር። ባለሱቁ ጎርዳንባይ ሳቀ። ከጀርባው ሽቦ የሚያጣብቀው ሠራተኛም ሳቀ። የኡርቪ አባት ሂማት ብቻ አልሳቀም። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ማውሶች አንድ በአንድ እያነሣ፣ ሊገዛ እንደመጣ ሰው ያገላብጣቸዋል።

«ይበልጣል ጋሼ» አለች ኡርቪ። «ግን…»

«ግን የለም! ሒሳብ ላይ ግን የለም።»

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ አዲስ ነው። የተለመደ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር አለው፤ ባለ ስድስት ኮር፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩ ስድስት አንጎሎች ያሉት፣ ፈጣን። ሌላው ጥቁር፣ ግዙፍ፣ ከትልቅ ድርጅት ቢሮ የወጣ ያገለገለ ዎርክስቴሽን ነው። የእሱ ፕሮሰሰር አሥራ ስምንት ኮር አለው፤ እያንዳንዱ ግን ቀርፋፋ ነው። ዋጋቸው እኩል ነበር። ናንጂባይ ገና ከበሩ ሲገባ ጥቁሩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ እንደ በሬ ገዢ ራሱን ነቅንቆ ነበር።

ኡርቪ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከአባቷ ጋር ሱቅ የመጣችው ስለ ኮምፒውተር ከቤተሰቡ ሁሉ የተሻለ ስለምታውቅ ነው፤ ቢያንስ አባቷ እንዲያ ብሎ ነበር ያመጣት። ሂማት ለሳሪ የሚሆን የጥልፍ ንድፍ ይሠራል። ቅጠሉን፣ ወፉን፣ የጠርዙን ሐረግ ኮምፒውተር ላይ ይስላል፤ ከዚያ ሶፍትዌሩ ሥዕሉን ወደ ስፌት ይቀይረዋል። መርፌው የት እንደሚወጋ፣ ወዴት እንደሚዞር፣ የት ክር እንደሚቆርጥ ይጽፍለታል። ፋብሪካው ያንን ፋይል ይወስድና ማሽኖቹን ያስነሣል። በዚህ ሰፈር፣ በቫራቻ፣ ሱራት ከተማ ውስጥ፣ በየፎቁ እንዲህ ያለ ሰው አለ። የሂማት አሮጌ ኮምፒውተር ግን ከሁለት ሳምንት ወዲህ እየጋለ በሥራ መሐል ድርግም ማለት ጀምሯል። እናቷ ክዳኑን ከፍታ የጠረጴዛ ማራገቢያ ደግናበት ነበር። የናቭራትሪ በዓል ሊደርስ ወር ከምናምን ቀርቶት፣ ከተማው በሙሉ የጭፈራ ቀሚስ ሲያስጠልፍ ነው ይሄ የሆነው።

ኡርቪ በእረፍት ጊዜዋ አባቷ አጠገብ ተቀምጣ ስትመለከት አንድ ነገር አስተውላ ነበር። ሶፍትዌሩ ስፌት ሲደረድር ከአሮጌው ማሽን አራት ኮሮች አንዱ ብቻ ጥግ ድረስ ይሠራል፤ ሦስቱ ምንም አይሠሩም። ለአባቷ ስታሳየው «እነዚህ ሦስቱ የኔ ቢጤ ሰነፎች ናቸው!» ብሎ ስቆ ነበር። ስለዚህ ያውቃል። እዚህ ማውስ እያገላበጠ የቆመው ሰውዬ ያውቃል።

«ጋሼ፣ ጥልፍ እኮ ተራ በተራ ነው» አለች ድምጿን ለስለስ አድርጋ። «ሁለተኛው ስፌት የሚነሣው የመጀመሪያው ካለቀበት ነው። ስለዚህ የሚጠቅመን ብዙ ኮር ሳይሆን አንድ ፈጣን ኮር ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሎሚ ቢሆንማ ይካፈሉት ነበር። መርፌው ግን አንድ ነው። አንዱ ሲሰፋ አሥራ ሰባቱ ቆመው ነው የሚያዩት።»

ሽቦ የሚያጣብቀው ሠራተኛ እጁን አቆመና ቀና ብሎ አያት። አፉን ሊከፍት ያለ መሰላት። ወዲያው አጎንብሶ ሥራውን ቀጠለ።

ጎርዳንባይ አልተቆጣም። እንደውም በቁም ነገር መለሰላት። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ማሽን ቀላል እንዳይመስልሽ። የካርቱን ፊልም ሲሠሩበት የነበረ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳይጠፋ ይሠራል። የቤት ኮምፒውተር እንዲህ ይችላል?»

«ለፊልምማ ልክ ነዎት። ፊልም ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ ኮር የየራሱን ሥዕል ይይዛል። የኛ ግን…»

«ፕሮፌሰር!» አለ ናንጂባይ እየሳቀ፤ ሳቁ ግን አሁን ጠርዝ ነበረው። «ጎርዳንባይ ለኛ መጥፎ ዕቃ ይሰጠናል ነው የምትዪው?»

ሱቁ ጸጥ አለ። የናንጂባይ ልጅ ባርጋቪ ከዲዋሊ በዓል በኋላ የምታገባው የጎርዳንባይን ልጅ ነው። የቀለበቱ ጣፋጭ የተበላው ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። ጎርዳንባይ ደግሞ ከእነዚህ ጥቁር ማሽኖች ሃያ አምጥቶ መጋዘኑ ውስጥ ደርድሯል።

ወደ አባቷ ዞረች። ሂማት በእጁ ያለውን ማውስ ቦታው መለሰ፤ ሽቦውን ሳይቀር በጥንቃቄ ጠቀለለው።

«ጋሼ ካለ ጥሩ ነው» አለ።

ሲመለሱ ሪክሾው ውስጥ ጥቁሩ ሣጥን በሁለቱ መሐል ተቀመጠ። የኡርቪ አያት ከሞቱ ወዲህ የቤቱ ነገር ሁሉ በናንጂባይ ቃል ነው የሚያልቀው። የማቀዝቀዣው ግዢ፣ የኡርቪ ትምህርት ቤት፣ ሌላው ቀርቶ የበረንዳው ቀለም ሳይቀር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የታመመ ሲኖር ሆስፒታል የሚያድረው እሱ ነው። ለዚህም ነው እሱን እምቢ ማለት የሚያቅተው።

«አባዬ፣ አንተ እኮ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ባርጋቪ የኔም ልጅ ናት» አለ።

ሪክሾው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው ሣጥኑን ያዙት፤ እንዳይወድቅ።

ናንጂባይ እነሱ ቤት ድረስ መጥቶ ለበረከት ኮኮናት ሰበረ፤ ማሽኑ ግንባር ላይም ቀይ ዱቄት ቀባለት። ሁሉም ጣፋጭ በላ። ከዚያ ሂማት የጣዎስ ንድፍ የነበረበትን ፋይል ከፈተና ስፌቱን አስደረደረ። አሮጌው ኮምፒውተር በደህናው ጊዜ ይሄንን ሥራ በአራት ደቂቃ ይጨርስ ነበር። ይሄኛው ሰባት ፈጀ። ናንጂባይ በመሐሉ ስልክ ተደውሎለት ወጥቶ ስለነበር አላየም።

«ቢያንስ አይጠፋም» አለች እናቷ።

እውነቷን ነው። አይጠፋም።

ችግሩ ሰባት ደቂቃው አንዴ አለመሆኑ ነው። ነጋዴዎቹ ሐሳባቸውን ይቀያይራሉ። ጣዎሱ ትንሽ ወደ ግራ ይሁን። አይ፣ ይመለስ። አበባው አምስት ቅጠል ሳይሆን ስድስት ይኑረው። አንድ ነገር በተነካ ቁጥር ስፌቱ እንደ አዲስ ይደረደራል፤ በቀን ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ። ሂማት ከዚህ በፊት ውጤቱን እየጠበቀ ያንጎራጉር ነበር። አሁን ሁለት እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እየተንፏቀቀ የሚሞላውን ሰማያዊ መስመር ዝም ብሎ ያያል።

ኡርቪ ያልሞከረችው የለም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ማሽኑ ላይ ትቀመጣለች። የማያስፈልገውን ፕሮግራም ሁሉ አጠፋች። ቅንብሩን ቀያየረች። የሶፍትዌሩን አምራች ድርጅት በጽሑፍ ጠየቀች፤ «ፕሮግራማችን የሚጠቀመው አንድ ኮር ነው» የሚል አጭር መልስ መጣላት። ይህን ሁሉ ደክማ ሰባቱ ደቂቃ ስድስት ተኩል ሆነ። የዚያን ዕለት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች አለቀሰች። ሒሳብ ፈተና ብትወድቅ እንዲህ አይሰማትም ነበር፤ ፈተና ሲወድቁ ቢያንስ መልሱን አያውቁትም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነጋዴ የሰጣቸውን ሥራ ለሌላ ሰው እንደሰጠ በስልክ ነገራቸው። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ይቅርታም ጠይቋል። በዓሉ አይጠብቀኝም አለ። ሂማት «አይዞህ፣ ይገባኛል» ብሎ ስልኩን ዘጋ። አይዞህ ያለው እሱ፣ ሥራውን ያጣው እሱ።

«ለጋሼ እንንገረው» አለች ኡርቪ።

«ምን ብለን?»

«ይቀይርልን።»

«ይቀይርና ጎርዳንባይ ምን ይበል? ሙሽራዋ እዚያ ቤት ስትገባ በምን ዓይን ይያት?» ሂማት ተቆጥቶ አልነበረም። ደክሞት ነበር። «ተይው ልጄ። ሰው በቀስታም ይሠራል።»

እሑድ ጠዋት ናንጂባይ እንግዳ ይዞ መጣ። ዙቤዳቤን ናቸው። ወንዙን ተሻግረው ከራንደር፣ በሁለት አውቶቡስ ነው የመጡት። ሂማት ገና ወጣት ሳለ የጥልፍ ንድፍ ያስተማሩት እኚህ ሴት ናቸው፤ ቅጠል ላይ ጅማቱን ከየት ጀምሮ እንደሚሰፉት ሲያሳዩት እጁን በማስመሪያ ይመቱት እንደነበር እስከ ዛሬ ያወራል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን በዚሁ ሥራ አሳደጉ። አሁን የእሳቸውም ኮምፒውተር አርጅቶ ቆሟል።

«ጎርዳንባይ ከጥቁሮቹ አንዱን እስከ ማታ አስቀምጦላቸዋል» አለ ናንጂባይ፣ ፊቱ በደስታ እያበራ። «እኔም፣ ከመግዛትዎ በፊት የእኛን ይዩ አልኳቸው። በዚያ ላይ ባለሙያዋን ይጠይቁ! ይቺ ልጅ ናት የምታውቀው።»

ዙቤዳቤን የኡርቪን ጉንጭ በጣታቸው ያዝ አደረጉ። «አባትሽ ቀጥ ያለ መስመር መስፋት ሳይችል ነው የማውቀው፤ እሱን አልጠይቅም። አንቺ ንገሪኝ። ጥሩ ነው?»

ሂማት የሻይ ሰሃን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ንገሪያቸው እንጂ፣ ፕሮፌሰር» አለ ናንጂባይ።

ሁለት ቃል ነው። ጥሩ ነው። ሁለት ቃል ብላ ብትገላገል ማንም አይቀየማትም፤ ሠርጉም ይደገሳል። ከዚያ ዙቤዳቤን ጥቁሩን ሣጥን በሪክሾ ጭነው ወንዙን ይሻገራሉ። እዚያ፣ ማንም በሌለበት፣ መስመሩ እየተንፏቀቀ ሲሞላ ብቻቸውን ተቀምጠው ያዩታል። መጥፎ ነው ብትል ደግሞ፣ የሱቁ ዓይነት ጸጥታ ይመጣል፤ ከዚያም የከፋ። ኡርቪ አባቷን አየች። አባቷ ብርጭቆዎቹን ያያል። ከማንም የሚመጣ እርዳታ እንደሌለ ያን ጊዜ ገባት።

«ዙቤዳቤን» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ። «የጀመሩት ሥራ ይዘዋል?»

«ኧረ መቼ ተለይቶኝ!» ከቁልፋቸው ጋር ያሠሩትን ፍላሽ ከጉያቸው አወጡ።

ኡርቪ ከአባቷ ወንበር ተነሣች። ወንበሩን ወደ ኋላ ስባ ለአሮጊቷ አመቻቸችላቸው። «እንግዲያው እዚህ ይቀመጡና ይሥሩበት። ቤትዎ እንደሚሠሩት።»

ዙቤዳቤን መነጽራቸውን አደረጉ። የሙሽራ መሸፈኛ ነበር፣ ዳር እስከ ዳር በትንንሽ የማንጎ ቅርጾች የተሞላ። አንዷን ቅርጽ በማውሱ ያዙና በጣት ስፋት ወደ ቀኝ አስጠጓት። ከዚያ ስፌቱን እንዲደረድር አዘዙት። ሰማያዊው መስመር ብቅ አለና ቆመ። ቆይቶ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«አያችሁ፣ አሥራ ስምንት ማለት…» ብሎ ጀመረ ናንጂባይ።

መስመሩ አልተንቀሳቀሰም። ዙቤዳቤን ወደ እሱ አልዞሩም። መነጽራቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉት። ናንጂባይ አንድ ጊዜ ማሽኑን፣ አንድ ጊዜ ኡርቪን አየ። ኡርቪ መሬት መሬት ማየት ፈልጋ ነበር። ግን አላደረገችውም።

ሂማት ሰሃኑን አስቀመጠ። ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ። በርጩማ ስቦ አስተማሪው አጠገብ ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ አንተም ቁጭ በል» አለ ወንድሙን ሳያይ። «ይቆያል።»