እንደ ዓሣ ነው የምዋኘው

«የሸራው ገመድ አይታሰርም!» አሉ አያ ይርዳው ለሦስተኛ ጊዜ። «በእጅ ነው የሚያዝ። ንፋስ ሲገፋ ለቀቅ ነው። ፍየል አይደለም፣ ጠፍቶ የሰው ማሳ አይገባባችሁም።»

ትርፌ ሳቀች። ምትኩ ግን የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጦ ውሃውን ያያል። ተከዜ ተገድቦ ሐይቅ ሲሆን የሰጠሙት ዛፎች ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ብቅ ብሏል፤ ደርቀው ነጥተዋል። ወፍ እንኳ አላረፈባቸውም።

ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ከኒሯቅ ከተማ የወረዱት፣ ዓሣ አጥማጁ አያ ይርዳው ረዳት እንደሚፈልጉ ሰምተው ነው። ትርፌ ልትማር፣ ምትኩ ሊቀጠር። በአካባቢው ባለ ሸራ ጀልባ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ነዳጅ ስለማትጠጣ ይወዷታል። ጠዋት ዳር ላይ ቆመው «ዋና ትችላላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ትርፌ «ትንሽ ትንሽ» አለች። ምትኩ «እኔ እንደ ዓሣ ነው የምዋኘው» አለ። ስለዚህ ያለችው አንዲት የመንሳፈፊያ ጃኬት ለትርፌ ደረሰች። ለዓሣ ጃኬት አይሰጥም።

ትርፌ ግን ታውቃለች። ምትኩ ውሃ ጉልበቱ ሲደርስ ውዳሴ ማርያም የሚጀምር ልጅ ነው። አውቃ ዝም አለች። ሥራውን ካላገኘ ከአጎቱ ልጅ ከሀይሉ ጋር በበረሃ ወደ ሳዑዲ እንደሚሄድ ነግሯታል። ሀይሉ ደላላ አግኝቷል፤ ቀንም ቆርጧል።

ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ሙቀቱ ከበደ፣ አየሩ ቀጥ አለ። ሌሎቹ ጀልባዎች አንድ በአንድ ወደ ዳር ሲቀዝፉ ትርፌ አየች። አያ ይርዳው የሸለቆውን አፍ አተኩረው አዩ። በዚያ በኩል ውሃው እየጠቆረ ይመጣል።

«ምን ሆኖ ነው የጠቆረው?» አለች ትርፌ።

«ንፋስ ነው። ምትኩ፣ ገመዱን!»

ሸራው ተነፋ። ጀልባዋ በጎኗ ተጋደመች።

«ልቀቅ!»

ምትኩ እጁን ከፈተ፤ ገመዱ ግን አልሄደም። እጁ ሲዝልበት ከመቀመጫው እግር ጋር አስሮት ኖሯል፤ ያውም በፍየል ማሰሪያ ቋጠሮ፣ በተሳበ ቁጥር በሚጠብቀው። ውሃው በጠርዙ እየተንደቀደቀ ገባ። አያ ይርዳው ቢላቸውን መዝዘው ገመዱን ቆረጡት። ሸራው ተርገበገበ፤ ጀልባዋ ቀና አለች።

በዚያ ሙቀት የምትኩ ጥርስ ይንቀጫቀጫል።

«አይዞህ፣ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ያስራል» አሉ አያ ይርዳው ገመዱን እየቀጠሉ። «አንድ ዙር እንደግማለን። ንፋሱ ሲመጣ ነው ትምህርቱ። ዋናተኛ መሆንህ በጀ እንጂ አሁኑኑ እመልሳችሁ ነበር።»

ምትኩ ወደ ትርፌ ጎንበስ አለ። «አንቺ፣ አደራ።»

«ብትሰጥምስ?»

«ሀይሉ ማክሰኞ ይነሳል» አለ ምትኩ።

ከጀርባው ሁለተኛው ጥቁረት ከፊተኛው ሰፍቶ እየመጣ ነበር። አያ ይርዳው መሪውን ወደዚያው አዞሩ። ትርፌ የጃኬቷን ማሰሪያ ፈታች።

«አያ ይርዳው» አለች። «ምትኩ ዋና አይችልም።»

አያ ይርዳው መሪውን ወደ ዳር መለሱት። ምትኩ ዞር ብሎም አላያት።

ትርፌ ጃኬቷን አውልቃ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። ክንዷ ዛለ። አላጠፈችውም።