ዘንጉን የያዘው ማን ነው

እኔ በጂንም፣ በዛርም፣ በሙት መንፈስም የማምን ሰው አይደለሁም፤ ይህን አስቀድሜ የምነግርህ አንብበህ ስትጨርስ «ይሄ ሰውዬ ድሮም ጠንቋይ ቤት የሚመላለስ ነው» እንዳትለኝ ነው። ሐረር ተወልጄ ሐረር ነው ያረጀሁት፣ ጎረቤቶቼ ስለ ጀጎል ጂን ማውራት ሲጀምሩ ከጫቱም ከጨዋታውም ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ። የማምነው የለካሁትን ብቻ ነው። ሥራዬም መለካት ነበር።

የሠራሁበት ነዳጅ ማደያ ከሸዋ በር ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። መኪና የሚቀዳ ሰው የሚያየው ማሽኑን ነው፣ ነዳጁ ያለው ግን ከእግሩ ሥር በተቀበረው ታንከር ውስጥ ነው፣ የተቀበረ ነገር ደግሞ ቢያፈስም አይታይም፣ ስለዚህ ሕግ አለው። ጠዋት አንድ ሊትር ሳይሸጥ ክዳኑ ይከፈታል፣ ቁጥር የተቀረጸበት ረጅም የእንጨት ዘንግ እስከ ታች ይገባል፣ ነዳጁ ያረጠበው ቦታ ይነበባል፣ ይጻፋል። ሁለት ሰው ነው የሚሠራው፤ አንዱ ዘንጉን ይይዛል፣ አንዱ አንብቦ ይጽፋል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። የተጻፈ አይፋቅም፣ ከተሳሳትክ በአንድ መስመር ሰርዘህ አጠገቡ ትጽፋለህ። ጉድለቱ ከልክ ካለፈ ደግሞ በዚያው ቀን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይነገራል። እኔ ይህን ሕግ ከጸሎት እኩል ነው የማውቀው፣ አልዋሽህም።

አሥራ አንድ ዓመት ዘንግ ያዥ ነበርኩ። የሚጽፉት አው ዩሱፍ የሚባሉ የጀጎል ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ልኩ ጎልቶ እንዲታይ ዘንጉን በጠመኔ ይቀቡታል፣ ናፍጣው የነካው ይጠቁራል፣ ያልነካው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ የታንከሩን አፍ በዘንጉ ጫፍ ሦስት ጊዜ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጉና «ቢስሚላህ» ብለው ለእኔ ይሰጡኛል። ጽፈው ሲጨርሱ የቀለሙን ሳጥን ይገፉልኛል፣ «ና፣ አውራ ጣትህን አምጣ» ይሉኛል፣ ሾፌር ሁሉ እያየ። ፊደል አላውቅም ነበራ። አንድ ቀን «ዓይን አለህ፣ ግን ለጌጥ ነው የያዝከው» አሉኝ፣ ሾፌሮቹ ሳቁ፣ እኔ ግን ያን ቀን እራቴ አልወረደልኝም።

በአርባ አንድ ዓመቴ የማታ ትምህርት ገባሁ። ጉልበቴ ከልጆቹ ዴስክ ሥር አልገባ እያለ፣ በጎን ተቀምጬ፣ ሁለት ዓመት። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መዝገቡን ከፊታቸው አንስቼ የራሳቸውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። አው ዩሱፍ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ «ኢንሻአላህ ሰኞ እኔ ዘንግ እይዛለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ። ጣቴንም ታስነክረኛለህ፣ ቂምህን ትወጣለህ» አሉኝ።

«ፊርማ እያለዎት ጣት ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«አሥራ አንድ ዓመት ያንተን አስነክሬያለሁ፣ ይገባሃላ፣ ለዚያ ነው።»

እሑድ ሞቱ። ሰኞ ያለ እሳቸው ጻፍኩ፣ ዘንጉን ጀማል የሚባል ቀጂ ያዘልኝ። ጠመኔውም በዚያው ቀረ፣ ከነዳጅ ድርጅቱ ለዚሁ ሥራ የሚሆን ቅባት መጣልን።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባልህ። ዓመት ያህል ቆይቶ የናፍጣው ልክ አልገጥም አለኝ። አንድ ቀን ጎደለ፣ ሁለተኛው ቀን ባሰ፣ በሦስተኛው ቀን ከማደያው ጀርባ የሚኖሩት አደ ሩቂያ ጀሪካን ይዘው መጡ።

«አሽትተው እስቲ» አሉኝ። «ከጉድጓዴ የቀዳሁት ነው። ወላሂ፣ ክብሪት ብጭርበት የሚነድ ይመስለኛል። የልጅ ልጆቼ ይሄን ነው የሚጠጡት።»

አሸተትኩ፣ ናፍጣ ነው። በዚያው ቀን ደብዳቤ ጻፍኩ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ደብዳቤ ነው፣ ይላኩት ብዬ ለባለቤቱ ለአቶ ግርማቸው ሰጠሁ። እሳቸው ኪሳቸው ከተቱት። በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ለተለመደው ቁጥጥር ከሰዓት በኋላ ይመጣል ተባለ፣ አቶ ግርማቸው አዲስ ባዶ መዝገብ ይዘው መጡ።

«የዚህን ሳምንት እዚህ ላይ አስተካክለህ ገልብጥ» አሉኝ። «ቁጥሩን እኔ እነግርሃለሁ።»

«ጌታዬ፣ የለካሁትን እኮ ነው የጻፍኩት።»

«የለካኸውን መቼ አወቅህ? ትናንት ጣትህን ቀለም ስትነክር የነበርክ ሰውዬ፣ ዛሬ ደብዳቤ ትጽፍብኛለህ? ዘጠኙን ከስድስቱ ለይተህ ነው?» ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፈው ጠረጴዛው ላይ ጣሉልኝና ተቆጣጣሪውን ለመቀበል ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ ወረዱ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ቃላቸው ገባብኝ። በእርጅና የተማረ ሰው በራሱ ዓይን አይተማመንም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ጀማል ለጁምዓ ሰላት ሄዷል፣ ማደያው ተዘግቷል፣ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ በመንገዱም አንድ ባጃጅ አያልፍም። አዲሱን መዝገብ ከፈትኩ፣ እስክሪብቶውን አነሳሁ፣ የቀኑን ስም ጻፍኩ።

ኳ።

ቀና አልኩ። ማንም የለም።

ኳ፣ ኳ።

ብረት በእንጨት ሲመታ ነው። ድምፁን ለአሥራ አንድ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ በምንም አልስተውም። ወጣሁ፣ ግቢው ባዶ ነው፣ የታንከሩ ክዳን እንደተቆለፈ ነው፣ ቁልፉ የእኔ ቀበቶ ላይ ነው። የጠመኔ ሽታ ግን አለ፣ የማታ ትምህርት ቤቱን የሚያስታውስ ሽታ። ወደ መጋዘኑ ሄድኩ፣ እሱም ተቆልፏል፣ ከፈትኩት፣ ዘንጉ በሁለቱ ሚስማሮች ላይ እንደሰቀልነው ነው፣ ግን እመነኝ፣ ከላይ እስከ ታች በጠመኔ ነጭ ሆኗል፣ ከታችም እስከ አንድ ቦታ ድረስ ጠቁሯል፣ ጫፉም መሬቱ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ልወጣ ዞሬ ነበር፣ አልደብቅህም። ግን ቁጥሩን አነበብኩ። ሰማንያ ሦስት። ደግሜ አነበብኩ፣ ሰማንያ ሦስት።

ሰው ያልለካውን አይጽፍም። ስለዚህ ዘንጉን ጠራርጌ አደረቅሁት፣ ክዳኑን ከፈትኩ፣ ቅባቱን ቀብቼ ራሴ አወረድኩት፣ ራሴ አወጣሁት። ሰማንያ ሦስት፣ አንዲት ጣት እንኳ ፈቅ አላለም። ከዚያ አዲሱን መዝገብ ዘጋሁ፣ አሮጌውን ከፈትኩ፣ የአቶ ግርማቸውን ወረቀት መሃሉ ላይ አስቀመጥኩ፣ ሰማንያ ሦስት ብዬ በቁጥርም በፊደልም ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪዋ ወጣት ሴት ሆና ተገኘች። አቶ ግርማቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ መዝገቡን ሰጠኋት። ወረቀቱንም አየችው፣ ባለቤቱን ቀና ብላ አየቻቸው፣ ከዚያ ዘንጉን አምጣ አለችኝ። ለካች። ሰማንያ ሦስት።

«ይሄን ሁሉ የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እንደዚህ የተያዘ መዝገብ እምብዛም አላይም» አለች። እርስዎ ብላ ነው ያለችኝ፣ ሾፌሮቹ ቆመው እየሰሙ፣ ያንን ለማንም አልሸጠውም። ታንከሩ ሲቆፈር ሆዱ በዝገት ተበልቶ ተገኘ፣ ለአደ ሩቂያም ጉድጓዳቸው እስኪጠራ ድረስ ከማደያው ውኃ በቦቴ ይመላለስላቸው ጀመር። አቶ ግርማቸው ከዚያ በኋላ «ጋሼ» ነው የሚሉኝ፣ በግድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ይሉኛል።

ይህን ሁሉ ለጉራ የነገርኩህ ከመሰለህ፣ አዎ፣ ለጉራም ነው። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ተቆጣጣሪዋ መዝገቡን ስትመልስልኝ ሰማንያ ሦስት ያልኩበትን መስመር በእስክሪብቶዋ ነክታ፣ «እዚህ ላይ ዘንግ የያዘው ማን ነው? ብቻዬን ለካሁ ብለውኛል» አለችኝ።

ያን ቦታ ባዶ ነበር የተውኩት፣ በእግዚአብሔር ስም። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በፊርማዬ ትይዩ የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ በቀለም አይደለም፣ በጠመኔ።

የዚያ መዝገብ የመቀመጫ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ ይወገድ ተብሏል፣ እኔ አላስወገድኩትም፣ ቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። አልፎ አልፎ እከፍተዋለሁ፣ አሻራው አለ። ጠመኔ ነው፣ እፍ ቢሉት የሚበን ነገር ነው። እስከ ዛሬ እፍ ብዬው አላውቅም፣ ስከፍተውም ትንፋሼን እይዛለሁ።