ከማርሹ አጠገብ ያለችው ክዳን

ሬሳው ከግቢው የብረት በር ሥር አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። የገደለው መኪና ደግሞ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ጸጥ ብሎ ቆሟል።

ግትሩ ሁለቱንም አየ። በምርመራ ክፍሉ ስሙን የሚጠራው የለም። አንድ ነገር ካልገባው ንቅንቅ ስለማይል «ግትሩ» ብለውት ቀርቷል፤ እሱም እንደ ሹመት ተቀብሎታል።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለው አዛዡ። «ሟች የጋራዥ ባለቤት ነው። ጠዋት ወደ በሩ ሲወርድ መኪናው ቁልቁለቱን ተንሸራቶ ከበሩ ጋር አጣበቀው። የእጅ ፍሬኑን ትናንት የሠራችው ልጁ ናት። ነገሩ ቸልተኝነት ነው። ትፈርማለች፣ ነገ ይዘጋል።»

«ፈረመች?»

«እምቢ አለች እንጂ! ምላሷ አይጣል ነው።»

ልጅቷ ጋራዡ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። ግራሶው ከእጇ አልለቀቀም። ዓይኗ ደረቅ፣ አገጯ ቀና ያለ ነው። አባቷ «ቡሎኔ» ነበር የሚላት፤ አንዴ ከጠበቀች አትላላምና።

«አልፈርምም» አለችው ገና ሳይጠይቃት። «አባቴ እንኳ ሳይቀበር ገዳዩ አንቺ ነሽ ትሉኛላችሁ። ያ ፍሬን ይይዛል። ብትሰቅሉኝም ይይዛል!»

«እኔ ፈርሚ አላልኩሽም። መኪናውን አስተምሪኝ።»

መኪናው ከባሕር ማዶ የመጣ ያገለገለ አውቶማቲክ ነው። መመሪያው የተጻፈበትን ቋንቋ በቤቱ የሚያነብ የለም፤ ብዙዎቹ ቁልፎች ለምን እንደሆኑ የታወቁት በመነካካት ነው። ግትሩ መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ስለዚህ የማያውቀውን መጠየቅ አያሳፍረውም። መኪናው ዘንድ ሲደርሱ ጎንበስ ብሎ በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ፔዳል ነካ።

«ይሄ ፍሪሲዮን ነው?»

«አውቶማቲክ ምን ፍሪሲዮን አለው? እሱ የእጅ ፍሬኑ ነው።»

«በእግር የሚረገጥ የእጅ ፍሬን?»

«ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም!»

ማርሹን ወደ ፓርኪንግ ገፋው፤ ገባ። ሊመልሰው ቢታገል ግን ንቅንቅ አላለም።

«በከንቱ ነው የሚደክሙት» አለች። «ፓርኪንግ ከገባ ማርሹም ጎማውም ይቆለፋል። ቁልፍ ካልዞረ አይወጣም።»

ቁልፉ ግትሩ ኪስ ውስጥ ነበር። ከሟች ሱሪ ኪስ ያወጣው ራሱ ነው። ጣቱን ማርሹ ዙሪያ ሲያዞር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ክዳን አገኘ። ጠርዟ ላይ አዲስ ጭረት አለ።

«ይቺስ?»

ልጅቷ ጭረቱን አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ባትሪ ሲሞት ነው የምትጠቅመው። ክዳኗን አንስተው ቀዳዳው ውስጥ በቀጭን ነገር ሲጫኑ ማርሹ ያለ ቁልፍ ይለቃል። መኪናው የመጣ ቀን የከፈትኳት እኔ ነኝ። ግን በጥፍሬ ነው የከፈትኳት፤ እኔ መኪና አልቧጭርም።»

«ያን ቀን ማን አየሽ?»

«ሁሉም። እየገፋን ነው ያስገባነው።»

«ይህ የነገርሽኝ አንቺኑ ሊያሳስርሽ እንደሚችል ገብቶሻል?»

«ስለሚያሳስረኝ ልዋሽ? አስተምሪኝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ግትሩ ወደዳት፤ ፊቱ ላይ ግን አላሳየም። «አባትሽ ጠዋት ጠዋት ምን ያደርጋል?»

«ማታ ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል፤ ያው እንጨት ነው። ጠዋት መጀመሪያ ታኮውን በእግሩ መትቶ ያወጣል፣ ወርዶ በሩን ይከፍታል፣ ሞተር የሚያስነሳው በመጨረሻ ነው። መኪና ፊት እየሄድክ ታኮ አታውጣ ብዬ ስንቴ ተቆጣሁት!»

ሳሎን ውስጥ የሟች ሚስት፣ የልጅቷ እንጀራ እናት፣ መሐረቧን እየጠመዘዘች ተቀምጣለች።

«እኔና የባሌ ወንድም ሻይ ይዘን እዚሁ ነበርን። ጓጓታ ሰማንና ሮጥን።»

«መኪናው ውስጥ ማን ገባ?»

«የባሌ ወንድም ነዋ። ገባ፣ ወዲያው ወጣ፣ ግፉ አለን። ከጎረቤት ጋር ሆነን ገፋን።»

«ማታስ እዚህ ነበር?»

«እራት አብሮን በላ። ባሌ ጋራዡን ለልጁ እንደሚያስረክብ ሲነግረው ግን ደሙ ፈላ፤ ነፋስ ልቀበል ብሎ ወደ ግቢ ወጣ።»

አጎትየው በረንዳ ላይ አዛዡን ይዞ ያዋየዋል። ግትሩን ሲያይ ድምፁን አለሰለሰ።

«ማርሹ ፓርኪንግ ላይ ነበር። ፍሬኑም ተረግጧል። የያዘ ነገር ግን የለም! የሷ ሥራ እንዲህ ነው። እኔ ነኝ ፍሬኑን ለቅቄ፣ ማርሹን ወደ ዜሮ አውጥቼ ያስገፋሁት።»

«ከማርሹ አጠገብ ያለችው ክዳን ምንድን ናት?»

«እሷ? የሲጋራ መለኮሻ ትመስለኛለች። ነክቻትም አላውቅ።»

«አዛዥ፣ ሰምተዋል?» አለ ግትሩ።

«ሰምቻለሁ። ምን ይሁን?»

«ሁሉንም ሰው ግቢ ይሰብስቡልኝ።»

«ነገ ይዘጋል ብዬሃለሁ!»

«ነገ ለምን? ዛሬ ይዘጋል።»

ሬሳው ከተነሳ በኋላ መኪናው ቁልቁለቱ አናት፣ ማታ ባደረበት ቦታ እንዲቆም ተደረገ፤ ታኮው ከጎማው ሥር ገባ። ልጅቷ በሁለት ፖሊሶች መካከል፣ እንጀራ እናቷ በረንዳው ጫፍ፣ አጎትየው ከአዛዡ ጎን ቆመዋል። ግትሩ የመኪናውን ኮፈን መታ መታ አደረገ።

«ሁላችንም ጠዋት ማን የት ነበር ስንል ዋልን። ገዳዩ ግን ጠዋት እዚህ መሆን አያስፈልገውም። ፓርኪንግ ላይ ያለ መኪና ጎማው ተቆልፏል፤ ይሄ ግን ተንከባሏል። ስለዚህ ጠዋት ፓርኪንግ ላይ አልነበረም። አንድ ሰው ማታ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ፍሬኑን ለቅቆ ሄደ። መኪናውን ይዞ ያደረው ታኮው ብቻ ነው። ሟች እንደ ልማዱ ታኮውን መትቶ ወደ በሩ ወረደ፤ መኪናው ተከተለው።»

«ያቺን ክዳን የምታውቀው ልጅቷ ናት!» አለ አጎትየው።

«ታውቃለች፤ ነገረችኝም። አሁን እርስዎ ይግቡና ጠዋት ያደረጉትን ያሳዩን። ማርሹ ፓርኪንግ ላይ ነው፤ እንዳሉት። ቁልፉ በሟች ኪስ ነበር፤ አሁን በእኔ ኪስ ነው። ወደ ዜሮ ያውጡልን።»

አጎትየው በድፍረት ገባ። ማርሹን ሳበ፤ እምቢ አለ። ደግሞ ሳበ። የአንገቱ ሥር ተገተረ።

«ምነው?» አለ ግትሩ። «ጠዋት ገብተው ወዲያው ወጥተዋል። ወይስ ውሸት ነበር?»

«ውሸታም አይደለሁም!» ላቡን ጠረገ። ሰው ሁሉ ያየዋል። ከኪሱ ቀጭን ሰንጢ አወጣ፣ ክዳኗን ፈንቅሎ ጫፉን ቀዳዳው ውስጥ ተጫነ። ማርሹ ቀጭ ብሎ ወጣ። «ይኸው! ይኸው ወጣ!»

ግትሩ የተፈነቀለችውን ክዳን አነሳት።

«ነክቻት አላውቅም ያሏት የሲጋራ መለኮሻ ናት» አለ ግትሩ። «ማውጣት ቢያቅትዎት ኖሮ፣ ጠዋት ማርሹ ቀድሞውንም ዜሮ ላይ ነበር፣ በልጅቷ ለማላከክ ዋሽተዋል ማለት ነበር። ሲያወጡት ደግሞ ማን እንደከፈታት አሳዩን። ጭረቱ የሰንጢ ነው።»

አጎትየው ከመኪናው ወረደ። ሊክድ አፉን ከፈተና በክህደት ፈንታ ቁጣው ወጣ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ዕድሜዬን ከጎኑ የቆምኩበትን ጋራዥ ለዚች? ለአንዲት ሴት ልጅ?»

«ጋሼ» አለች ልጅቷ፣ «ለሴት ልጅ አይደለም። ለመካኒክ ነበር።»

እሱን ይዘው ሲሄዱ አዛዡ ያልተፈረመውን ወረቀት እያገላበጠ አጉረመረመ። «የሆነ ሆኖ፣ ያ ፍሬን መያዝ አለመያዙን ባለሙያ እስኪያየው ድረስ...»

ልጅቷ ከፖሊሶቹ መካከል ወጣች። መኪናው ውስጥ ገብታ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን አየች፣ ትንሿን ፔዳል እስከ መጨረሻ ረገጠች፣ ወረደች። ታኮውን በእግሯ መትታ አወጣችው። ከዚያ ማንም ሳይይዛት ቁልቁለቱን ወርዳ፣ አባቷ በሞተበት ቦታ፣ ጀርባዋን ለተጎዳው ብረት ሰጥታ ቆመች። እንጀራ እናቷ ጮኸች። ግትሩ አንድ እርምጃ ተራመደና ራሱን ገታ።

መኪናው ሲጥ አለ። አልተንቀሳቀሰም።

«እምቢ ያልኩት ሥራዬን ስለማውቀው ነው» አለች። «ካላመኑ ይግፉት።»

አዛዡ አልገፋም። ወረቀቱን ቀደደው። ልጅቷ ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም፤ ቀስ ብላ ተንሸራትታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ለአባቷ ያለቀሰችው ያኔ ነው።