የሙሉጌጥ ፒፓ

«ይሄማ የእናቴ እጅ ነው!»

እማማ የማርያምወርቅ ጭቃ የነካ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው የሸክላውን የትምባሆ ፒፓ ገለበጡት። ከሥሩ በጥፍር የተጫኑ ሦስት ጭረቶች አሉ። ናፍቆት ደስታዋን መደበቅ አቃታት። የታሪክ መምህሯ «ከቤታችሁ አንድ አሮጌ ዕቃ መርጣችሁ ማን እንደሠራው አጣሩ» ካሉ ወዲህ እግሯ እስኪቀጥን ዞራለች። ወደዚህ፣ ወደ እንጦጦ ግርጌ የላኳት ሾላ ገበያ ሸክላ የሚሸጡ ሴቶች ናቸው። ቤት ውስጥ የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ ፒፓውን ሟቹ አያቷ ከውጭ አገር እንዳመጡት ነው የምታውቀው።

«እናቴ ሙሉጌጥ ትባላለች። ይህችን የሠራችው ለወንድሜ ለከበበ ነው። ሥራ ፍለጋ ወደ መሀል ከተማ ሲወርድ ለመንገዱ ብላ ሰጠችው።»

ናፍቆት ጠጋ አለች። ከበበ የአያቷ ስም ነው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰው ሆነ! ቢሮ ገባ፣ ከትልቅ ቤት አገባ። የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ የቡዳ ዘር እንዳይባል እኛን ካደን።» አሮጊቷ ሳቁ፤ ሳቃቸው ይመራል። «እናታችን ስትሞት መጣልሽ። ከለቀስተኛው ጋር ተሰልፎ፣ እንደ ባዳ እጄን ጨብጦ፣ ‹እግዜር ያጽናሽ› ብሎኝ ሄደ። እኔን እህቱን! በገዛ እናቱ ለቅሶ!»

ፒፓውን መለሱላት።

«አንቺስ ከየት አገኘሽው፣ ልጄ?»

«ከ... ከመርካቶ ነው የገዛሁት» አለች ናፍቆት።

ለምን እንዲህ እንዳለች ለራሷም አልገባትም። ቁልቁል ስትወርድ ፊቷ በሐፍረት ይግል ነበር።

ሲ.ኤም.ሲ ቤታቸው ስትደርስ እህቷ ታደለች የሰርግ ቀሚሷን እየለካች ታንጎራጉራለች። ናፍቆት አባቷን ሳሎን አግኝታ የሰማችውን ሁሉ ዘረገፈችለት። አባይነህ አልደነገጠም። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ? አባዬ፣ ሴትየዋ እኮ አክስትህ ናቸው!»

«እህትሽ በጥር ልታገባ ነው። የልጁ ቤተሰቦች ደግሞ ዘር ማንዘር ቆጣሪዎች ናቸው። ይህን ቢሰሙ ሰርጉ ቀረ በይው። ለመምህርሽ ከውጭ የመጣ ነው በያቸው፣ አለቀ። ለሴትየዋስ ማን እንደሆንሽ አልነገርሻትም አይደል?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ጎበዝ ልጅ!»

ሙገሳው ከስድብ በላይ አንገበገባት። አያቷ ያኔ ያደረጉትን ነው ዛሬ እሷ የደገመችው፤ ይኸው ተመሰገነችበት።

ሰኞ ዕለት ለመምህሯ «የሠራውን ሰው አላገኘሁም» አለቻቸው። የታደለችን ሰርግ ማፍረስ አልሆነላትም። ከትምህርት ቤት ወጥታ መገናኛ ስትደርስ የታክሲ ረዳቱ «ሲ.ኤም.ሲ! ሲ.ኤም.ሲ!» እያለ ይጮኻል። አልፋው ወደ እንጦጦ ግርጌ ሄደች።

እማማ የማርያምወርቅ ደጃፋቸው ላይ ጭቃ ያሻሉ።

«እማማ፣ ዋሽቼዎት ነበር። ከበበ አያቴ ናቸው።»

አሮጊቷ ቀና አላሉም።

«አባትሽ ልኮሽ ነው?»

«አይ። መምጣቴን አያውቅም።»

«እንግዲያው ወደ ቤትሽ ሂጂ። እኔ ዘመዶቼን ቀብሬ ጨርሻለሁ።»

ናፍቆት እንባዋ መጣ። ግን አልሄደችም። ቦርሳዋን ከጀርባዋ አውርዳ ከአሮጊቷ ፊት ለፊት፣ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።