ሁለተኛው ዙር

ምልኬሳ ጉርድ ሾላ በሚገኝ የምርምር ቢሮ ደረጃ ላይ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች እግሮቹ ወደ ላይ ሆኖ ሞቶ የተገኘው ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ኢንስፔክተር አስመረት ስትደርስ ፎቁ ላይ የነበሩት ሦስት ባልደረቦቹ ብቻ ነበሩ።

አስከሬኑን ቆማ ስታይ ቆየች። ኪሱ ውስጥ ያገኘችው አንድ ደረሰኝ ብቻ ነው፤ የመስሚያ መሣሪያውን ሰኞ ዕለት መገናኛ አካባቢ ላለ ሱቅ ለጥገና የሰጠበት።

መጀመሪያ ተርጓሚዋን ሳምራዊትን ጠራች።

«ሥራችሁ ምንድን ነው?»

«መስማት የሚቸገሩ አዋቂዎችን ስለ ኑሯቸው የሚጠይቅ መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሰናል። አሁን ትርጉሙን እየፈተሽን ነው። አንዱን ሰው በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለቴ እንጠይቃለን፤ መልሱ ከተቀራረበ መጠይቁ ይታመናል።»

«ከምልኬሳ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

ሳምራዊት አቀረቀረች። «‹ለቤተሰብዎ ሸክም እንደሆኑ ይሰማዎታል?› ብዬ ተርጉሜ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ሰዎቹን ቤታቸው ሄዶ የጠየቀው እሱ ነው፤ እያለቀሱ ነው፣ ቀይሪው አለኝ። እምቢ አልኩት። እሱም እኮ መሣሪያው ከሌለ አይሰማም፤ ከንፈራችንን እያየ ነው የሚያወራን። ከእኔ የተሻለ ያውቅ ነበር።»

መረጃ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ሐጎስ ቀጠለ። «ዛሬ ጠዋት የሁለተኛውን ዙር ፋይል ሰጠሁት። የለሚ ኩራዋ ወይዘሮ ደሪቱ መቼ እንደተጠየቁ ጠየቀኝ። መጋቢት አሥር ብዬ ጻፍኩለት። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ፋይሉን ይዞ ወጣ።»

የጥናቱ መሪ ዶክተር ገረመው ረጋ ብለው ነበር የተናገሩት። «ጀርባውን ሰጥቶኝ ሊወርድ ሲል ከቢሮዬ በር ላይ ሆኜ ‹ስብሰባ አለን፣ ቶሎ ተመለስ› አልኩት። ዞር ሳይል ‹እሺ ዶክተር› ብሎኝ ወረደ። ከዚያ ሲወድቅ ሰማሁ።»

አስመረት ለወይዘሮ ደሪቱ ቤት ስልክ ደወለች፤ ቢሮዎቹንም አስፈተሸች። ከዚያ ሦስቱንም ስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሰው እየወረደ ቢያዳልጠው እግሩ ይቀድማል። ምልኬሳ ግን በጀርባው ወድቆ፣ የቀደመው ጭንቅላቱ ነው። ስለዚህ ፊቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንድ ሰው አዙሮ ነበር» አለች። «ወይዘሮ ደሪቱ የካቲት ሃያ ስምንት ተቀብረዋል። ምልኬሳ ቀብራቸው ላይ ነበር። መጋቢት አሥር ማን መለሰላችሁ?»

ሐጎስ ወደ ዶክተር ገረመው ዞረ።

«ፋይሉ እዚህ ነው» አለች፣ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «ከእርስዎ መሳቢያ ወጣ፣ ዶክተር። ምልኬሳ ይዞት ወጥቶ ነበር፤ እንዴት ተመለሰ? ደግሞ የመስሚያ መሣሪያው ለጥገና ተሰጥቶ መገናኛ ነው ያለው። ከኋላው ሲጠሩት ዞር ሳይል መለሰልኝ አሉ። ስድስት ዓመት መስማት ስለሚቸገሩ ሰዎች አጥንተዋል፤ አጠገብዎ ያለው እንደማይሰማ ግን ረሱት።»

ገረመው መነጽራቸውን አወለቁ።

«የሪፖርቱ ቀን አልፎ ነበር። የሁለተኛውን ዙር እኔው ሞላሁት፤ ከመጀመሪያው ብዙ አይርቅም ብዬ። እሱ ለሁሉም እናገራለሁ አለኝ። ፋይሉን ስስበው ሳበው። ገፋሁት።»

«አምቡላንስ ጠሩ?»

«መጀመሪያ ፋይሉን አነሳሁ።»

ሳምራዊት ወንበሯን ከእሳቸው አራቀች።

አስመረት ወደ ግቢው ስትወርድ የምልኬሳ እህት ኢሊሊ ከጥበቃው ክፍል አጠገብ ቆማ ነበር።

«እናቴ ‹መሣሪያው ሳይኖረው ለምን ከቤት አስወጣሁት› እያለች ራሷን እየወቀሰች ነው» አለች። «መኪና ሳይሰማ፣ ሰው ሲጠራው ሳይሰማ እንዳይሆን ነበር የምትፈራው። ምን ልበላት?»

አስመረት ክንዷን ያዘቻት። «አለመስማቱ አይደለም የገደለው በያት፣ እህቴ። የሞቱ ሰው ያላሉትን አሉ ሲባል አልቀበልም ስላለ ነው። ነገ ቤት መጥቼ ራሴ እነግራታለሁ።»

ኢሊሊ ስልኳን አወጣች፣ የእናቷን ቁጥር አየችውና ሳትደውል መልሳ ከተተችው።

«በስልክ አይሆንም» አለች። «እሷም አትሰማም።»