ቀዝቅዟል ያለው ስክሪን

መካኒኩ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሙቀት ፓምፕ ሥር ሞቶ በጀርባው ተዘርግቷል። ፊቱንና ደረቱን እንፋሎት ልጦታል፤ መፍቻው ከእጁ አልወጣም። ማሽኑ ከማቅለሚያው ክፍል የሚወጣውን ለብ ያለ ውሃ ሙቀት እየሳበ እንፋሎት የሚያደርግ ነው። ጠዋት ገዢዎች ሊያዩት መጥተው ነበር።

«ኦፕሬተሩ ማሽኑን ሳያጠፋ ነው ያስከፈተው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። ሰሞኑን ተጣልተዋል።»

ኦፕሬተሩ በካቴና ታስሮ ጥግ ተቀምጧል። እህቱ ጀርባዋን ሰጥታዋለች።

«አጥፍቼዋለሁ፣ ጋሼ» አለ። «ስክሪኑም ቀዝቅዟል ብሏል።»

ባልደረቦቹ «አባ ጭጭ» የሚሉት መርማሪ ወደ ማሽኑ ተጠጋ። ስክሪኑን አየ። የሙቀቱ መስመር በምላጭ የተቆረጠ ይመስል ለስልሶ ይወርዳል።

«ኮምፒዩተር ይችላሉ?» ሲል ሥራ አስኪያጁን ጠየቀ።

«እኔ?» ሳቀ ሥራ አስኪያጁ። «ስልኬን እንኳ የምታስተካክልልኝ ልጄ ናት።»

መርማሪው የማሽኑን ብቃት በኮምፒዩተር ሞዴል የምትተነብየውን መሐንዲስ በሌላው ሕንፃ አገኛት።

«ሞዴልሽ ተሳስቶ ያውቃል?»

«የመጀመሪያው ቶሎ ይቀዘቅዛል ይል ነበር። ቧንቧው የሚይዘውን ሙቀት ረስቼ። ለክቼ አረምኩት።»

ሬሳው ተነሣ፤ መካኒኩ የከፈተው የማሽኑ ክዳን ተገጠመ። መርማሪው ማሽኑን አስነሥቶ መልሶ አስጠፋና ሁሉንም ሰበሰበ። ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ቀዝቅዟል አለ።

«እስቲ ቧንቧውን በእጃችሁ ያዙት።»

ኦፕሬተሩ የታሰሩ እጆቹን ዘረጋ። መሐንዲሷም ተጠጋች። ሥራ አስኪያጁ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ተዉት!» መርማሪው ውሃ ጠብ አደረገበት። ቧንቧው ጭስስ አለ።

መሐንዲሷ ወደ ስክሪኑ ዞረች። «ይሄ ልኬት አይደለም! የመጀመሪያው ሞዴሌ ነው!»

«መሣሪያ ያነበበው መስመር ይንቀጠቀጣል፤ ይሄ አይንቀጠቀጥም» አለ መርማሪው። «ለማን ሰጠሽው?»

«ለገዢዎች ማሳያ ብለው… ለእሳቸው ብቻ» አለች ወደ ሥራ አስኪያጁ እያየች።

«ሁለቱ ስክሪኑን አምነው እጃቸውን ሰጡ። እርስዎ ግን እንደሚዋሽ ያውቃሉ። ገዢዎች ቶሎ ይቀዘቅዛል እንዲሉ የመሣሪያውን ንባብ በሞዴሉ ያስቀየሩት እርስዎ ነዎት። መካኒኩ ልክፈት ሲል ምን አሉት?»

ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠረገ። «ገዢዎቹ አጠገቤ ቆመው… ስክሪኑ ውሸት ነው ልበለው?»

«‹ቆይ› ማለት አቃተህ?» አለች ሚስትየው። «‹ቆይ› ብቻ!»

  ወደ ወንድሟ ሄዳ ካቴናውን ያዘች።

«ፍቱልኝ» አለች። «ባሌን ከማን ጋር ልቅበር?»